በሱሉልታ ቅዳሜ ማታ የሚጠፋው መስመር

በጾመ ነቢያት መጀመሪያ፣ ሐሙስ ማለዳ፣ ላፕቶፔን በነጠላ ጠቅልዬ ከቤት ወጣሁ። ትንሿ ልጄ ማርታ በሩን ይዛ፣ «ሱሉልታም ትሄጃለሽ?» አለችኝ። «ቅዳሜ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ» አልኳት። «እንግዲያው ወተት አምጪልኝ።» አባቷ ሳቀ። እኔም አማትቤ መንገድ ጀመርኩ።

የምሠራው ዋናው ቤቱ አዲስ አበባ በሆነ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ቅርንጫፍ ባለው ክሊኒክ ነው። ሥራዬ የኮምፒውተር መስመሮችን መጠበቅ ነው። የበሽተኛ ካርድና የላቦራቶሪ ውጤት የሚሄደው በዚሁ መስመር ነውና፣ መስመሩ ሲጠፋ በሽተኛ ወንበር ላይ ይቀራል። ስለዚህ መስመሩን ቀንና ሌሊት የሚያይ ፕሮግራም ያስፈልገናል። ኦፕን ሶርስ የሚባሉት፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚሠራባቸው፣ ብዙ ናቸው። ሦስቱን መርጬ ዋናው ቢሮ በሚገኙ ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ጫንኳቸው። ሦስቱም ሦስቱን ከተሞች ያያሉ። አንዱ ናጊዮስ ነው፤ እያንዳንዱን ዕቃ «አለህ?» እያለ ይጠይቃል፣ መልስ ሲያጣ ስልኬ ላይ መልእክት ይልካል። ሁለተኛው ካክታይ ነው፤ አይጮኽም፣ በየአምስት ደቂቃው የመስመሩን ጭነት እየለካ ሥዕል ይሥላል። ሦስተኛው ዛቢክስ ነው፤ ይጠይቃልም፣ ይሥላልም፤ ለመትከል ግን ከሁለቱ ይልቅ አድክሞኛል።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሩ፣ «ሦስቱን አወዳድረሽ አንዱን ምረጪ» ብለውኝ ነበር። ይህ ቀላሉ ነው። የከበደኝ ሌላው ነው።

የሱሉልታው መስመር ቅዳሜ ማታ ይጠፋል፤ ሰኞ ማለዳ ራሱ ይመለሳል። በየሳምንቱ እንዲሁ ነው። ናጊዮስም እኔ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለ «ሱሉልታ የለም፣ ሱሉልታ የለም» እያለ በቦርሳዬ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ያስነሣው ተቃውሞ በከተሞቹ የነበረበት ነው። መንገድ ሳይታሰብ ይዘጋል። ዶክተሩ መስመሩን ሰው እየቆረጠው ነው ብለው ፈሩ።

«ዛሬ መስመር የቆረጠ ነገ ቤቱን ያቃጥላል» አሉኝ። «እስከ ሰኞ ምክንያቱን ካላወቅን ዕቃውን አውጥተን ሱሉልታን እንዘጋለን።»

በሱሉልታ ቅርንጫፍ የእርግዝና ክትትል የሚያደርጉ እናቶች አሉ። ቅርንጫፉ ቢዘጋ፣ በዚያ ጊዜ፣ በዚያ መንገድ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሊመጡ ነው። እኔም ሦስት ወልጃለሁና ነገሩ ገባኝ። ፕሮግራሞቹ መስመሩ መቼ እንደሚጠፋ ነግረውኛል። ለምን እንደሚጠፋ ግን ሄጄ ማየት ነበረብኝ። ሌሎቹንም ከተሞች በዚያው አይቼ፣ ፕሮግራሞቹ የሚሉት እውነት መሆኑን ላረጋግጥ አሰብኩ።

ሐሙስ፣ ሰበታ

አየር ጤና ላይ ማርቆስ ጠበቀኝ። ማርቆስ ኬብል የሚዘረጋልን የወላይታ ሰው ነው፤ የሁለት ልጆች አባት፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ይሰብካል። እኔን «እህት ሰብለ» ይለኛል። እኔም «ወንድም ማርቆስ» እለዋለሁ። በጾም ጉዳይ አንስማማም፤ በኬብል ጉዳይ ተጣልተን አናውቅም።

ሚኒባሱ ሰባት ብር አስከፍሎን በዓለም ገና በኩል ወሰደን። በቀኝ ወጨጫ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የፋብሪካ አጥር፣ ከአጥሩ ውጭ ሙዝና የተቀቀለ ድንች የሚሸጡ ሴቶች። መንገዱ ሰላም ነበር። ተመስገን አልኩ።

የሰበታ ሠራተኞች አቤቱታ፣ «ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ይተኛል» የሚል ነው። ናጊዮስን ከፈትኩ። ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ሰበታ ደኅና ናት ይላል።

«ይሄ ናጊዮስሽ» አለ ማርቆስ፣ «ሰውየው በትኩሳት እየነደደ፣ 'ትተነፍሳለህ?' ብሎ ጠይቆ፣ 'አዎ' ሲለው 'በል ደኅና ነህ፣ ሂድ' የሚል ሐኪም ነው።»

ካክታይን ከፈትን። ሥዕሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሜዳ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወጣል። በየቀኑ እንዲያ ነው። ዛቢክስም ያንኑ ያሳያል። ምሳችንን በያይነቱ በላን፤ ለሰው ሃያ አምስት ብር፣ ጎመኑ የጣፈጠ። ከዚያ አሥር ሰዓትን ጠበቅን።

አሥር ሰዓት ሲሆን የፋብሪካው ፈረቃ ወጣ። ወዲያው የክሊኒኩ አጥር ሥር ሰው ተደረደረ፤ ሁሉም ስልኩን ይዟል። ከደቡብ መጥተው በፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው። አንዲቱ ወጣት በወላይትኛ ከእናቷ ጋር እያወራች ትስቃለች። ማርቆስ የአገሩን ቋንቋ ሲሰማ ሥራውን ረሳ። «ሳሮ! ሳሮ!» እያለ፣ በወላይትኛ ሰላምታ እየሰጠ፣ አጥሩን ተሻገረ።

እንግዳ ተቀባይዋን ወርቄን አየኋት። እሷ መሬት መሬት አየች።

«የዋይፋዩን ፓስወርድ ማን ሰጣቸው ወርቄ?»

«እኔ ነኝ። መንገድ ተዘጋ ሲባል እናቶቻቸው በሐሳብ ሊሞቱ ነው እኮ። 'አለሁ' ብቻ ይበሉ ብዬ ነው። መጀመሪያ ለአንዷ ነው የሰጠሁት።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ፀጉር አስተካካዩም አለው።»

ልቆጣ አስቤ ነበር። የዚያችን ልጅ ሳቅ ሰምቼ ግን አልቻልኩም። ለአጥሩ ሥር ሰዎች ጠባብ መንገድ፣ ለላቦራቶሪው ሰፊ መንገድ ለይቼ ሰጠሁ። ድምፅ ለመስማት ይበቃቸዋል፤ ፊልም ለማውረድ አይበቃም። ላቦራቶሪው በዚያው ሰዓት ውጤት ላከ፣ ሳይንቀራፈፍ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ኳስ ልናይ ነበር እኮ!» አለኝ።

በማስታወሻዬ ላይ፣ «ናጊዮስ ሕይወትን ያያል፣ ጤናን አያይም» ብዬ ጻፍኩ። የናጊዮስ ጥፋት አይደለም፤ ሌላ ነገር እንዲጠይቅ አላስተማርኩትም። ሆኖም ማስተማሩ ሁሉ በእጅ የሚጻፍ ነው።

ዓርብ፣ ቡራዩ

ከአስኮ የተሳፈርንበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ «ከዚህ በላይ እግር ነው» አለ። ረዳቱ ግማሹን ሒሳብ መለሰልን። ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ወጣቶች ቆመዋል።

ውዳሴ ማርያሜን በልቤ እያልኩ ቀረብኩ። «አካም ጅርቱ» አልኩ፤ ኦሮምኛዬ ከዚያ ብዙም አያልፍም።

«ነጋ» አለ አንዱ። «ማዘር፣ ቦርሳው ውስጥ ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር ነው። ክሊኒኩ ጋ ነው የምንሄደው።»

«ክሊኒኩ ጋ ነው?» ብሎ ቦርሳውን ከትከሻዬ አነሣና ድንጋዩን አሻገረልኝ። «ድንጋይ ነው እንዴ የጫንሽበት? እለፉ፣ እለፉ።»

«ገለቶሚ» አልኩት። ሳቀብኝ፤ አነጋገሬ ነው መሰለኝ።

ከዚያ በእግር ሄድን። ከመንገዱ ዳር የለቅሶ ድንኳን ነበር። ድንኳን አይቶ ማለፍ አይሆንልኝምና ገባሁ። ማርቆስም ተከተለኝ። ልጅ ነው የሞተው አሉኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። እናቱ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እጄን ይዛ ቆየች። ንፍሮ ሰጡን። «እግዜር ያጥናሽ» ብዬ ወጣሁ።

ክሊኒኩ ክፍት ነበር። ሠራተኞቹ ሁሉም ሰፈሩ ውስጥ የሚኖሩ ስለሆኑ በእግራቸው ገብተዋል። እዚያ ያሰብነው ፈተና ቀላል ነው፦ ማርቆስ አንድ ኬብል ይነቅላል፣ እኔ የትኛው ቀድሞ እንደሚነግረኝ አያለሁ። ነቀለ። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ፤ ናጊዮስ ነው። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ።

«ምን ያህል ነገር ነው የነቀልከው?» አልኩት።

«አንድ! በጌታ ስም፣ አንድ ብቻ!»

እውነቱን ነው። አንዱ ሲወድቅ ከኋላው ያሉት ሁሉ ወደቁ። ማን ከማን ኋላ እንደሆነ አልጻፍኩለትምና ናጊዮስ የእያንዳንዱን መርዶ ለየብቻ አመጣልኝ። የዛቢክስ መልእክት ግን አልመጣም። በኢሜይል እንዲልክ ነበር ያዘዝኩት፤ የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ በዚያ ቀን የለም። አጭር መልእክት ብቻ ነው የሚያልፈው። ለእኛ አገር የሚሆነው ማስጠንቀቂያ በአጭር መልእክት የሚሄደው መሆኑን የተማርኩት እዚያ ነው። ዛቢክስም ይችላል፤ ሲም ካርድ የገባበት ሞደም ከኮምፒውተሩ ጋር ማያያዝ ብቻ ነው።

ማታ በሌላ በኩል፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ተመለስን። ልጆቼን ተኝተው አገኘኋቸው። አንድ በአንድ ግንባራቸውን ሳምኩ።

ቅዳሜ፣ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ተነሥተን የእንጦጦን ትከሻ ወጣን። ባሕር ዛፉ ሲያበቃ ሜዳው ይከፈታል፤ ብርዱም ይቀበላል። የተከመረ ድርቆሽ፣ የወተት ጣሳ የጫነ ጋሪ፣ ፈረስ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው። መንገዱ በዚያ ቀን ክፍት ነበር።

የቅርንጫፉ ኃላፊ ሲስተር ጫልቱ በር ላይ ተቀበለችን። ፊቷ ፈገግ ቢልም ዓይኗ ፈርቷል። ሊዘጋ እንደሆነ ሰምታለች።

«ሰብለዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ዕቃ ልትጭኑ ነው የመጣችሁት?»

«በሚኒባስ ነው የመጣነው ጫልቱ። በሚኒባስ ዕቃ ይጫናል?»

ይህ አረጋጋት። ትኩስ ወተት ይዛ መጣች። እኔ ጾመኛ ነኝ። ማርቆስ የራሱን ጠጣ፣ የእኔንም ጠጣ፣ አፉን ጠርጎ፣ «እህት ሰብለ፣ ጾምሽ ብዙ ባርኮኛል» አለ።

ሰው የቆረጠው ከሆነ ብለን መስመሩን ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ተከተልነው። ጭረት እንኳ የለውም። ጎረቤት ጠየቅን፤ ያየ የለም። ጥበቃውን ኦቦ ደበሌንም ጠየቅናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ እርሻም አላቸው፣ ማታ ማታ ክሊኒኩን ይጠብቃሉ።

«ኦቦ ደበሌ፣ ቅዳሜ ማታ ወደዚህ ግቢ የሚገባ ሰው አይተዋል?»

«እኔ እያለሁ ማን ይገባል?» አሉ፤ ቅር እንዳላቸው አወቅሁ። ደግሜ አልጠየቅኋቸውም።

ክሊኒኩ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ እሑድ አይከፈትም። ጫልቱ ግቢው ጥግ ካለችው ክፍሏ አስቀመጠችን። ሽሮ በላን። ማርቆስ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ወፍራም ዱላ አጠገቡ አስቀመጠ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለቆራጩ።»

«አንተ ሰባኪ አይደለህም እንዴ?»

«ስብከቱ ከዱላው በኋላ ይቀጥላል።»

ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል፣ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ሱሉልታ የለም። ሦስታችንም ዘልለን ተነሣን። ግቢው ጭር ብሏል፤ በሩ ተቆልፏል። መብራት የነበረው ዕቃው በተቀመጠበት ክፍል ብቻ ነው። ማርቆስ ዱላውን ይዞ ቀደመ፤ ጫልቱ ነጠላዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። በሩን ገፋነው።

ኦቦ ደበሌ ናቸው። የነቀሉትን ገመድ በጥንቃቄ ጠቅልለው፣ መስመሩን የሚያድለውን ዕቃ፣ ራውተሩን፣ በንጹሕ ጨርቅ እያለበሱት ነው። ልጅ የሚያስተኙ ነው የሚመስሉት።

ማርቆስ ዱላውን ከኋላው ደበቀ።

«ኦቦ ደበሌ!» አለች ጫልቱ። «ምን እያደረጉ ነው?»

«ሰንበት ገባ እኮ» አሉ።

«ሰንበት ቢገባስ?»

ዞረው እኔን አዩኝ፤ ነጠላዬን አይተው ከእኔ ማስተዋል የጠበቁ መሰለኝ። «ልጄ፣ ይሄ ፍጥረት ስድስት ቀን ዓይኑን ሲያርገበግብ ይውላል፤ ዓይኑን ሲያርገበግብ ያድራል። እኔ በሬዬን በሰንበት አልጠምድም። እናንተም እሑድ አትገቡም። እሱ ብቻውን ምን በድሎ ነው የማያርፍ?»

ወደ ማርቆስ ዞርኩ። እሱንም ሰባኪነቱ አልጠቀመውም።

ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የክትባቱ ማቀዝቀዣ!

«ኦቦ ደበሌ፣ ፍሪጁንስ ነቅለውታል?»

ተቆጡ። «እንዴት ተደርጎ! እሱ እኮ የሕፃናት መድኃኒት ነው የሚጠብቅ። በሽተኛ መጠበቅ በሰንበትም አይከለከልም።»

ሄደን አየን፤ እያጉረመረመ ይሠራል። ጫልቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ሳቁ ግማሹ ለቅሶ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ጫልቱ፣ ዛሬ ደግሞ እኛ፣ «ማን ገባ?» ብለን ጠይቀናቸው፣ «ማንም» ብለው በእውነት መልሰዋል። «እርስዎስ ምን ያደርጋሉ?» ያላቸው አልነበረም። ሰኞ ማለዳ ገመዱን መልሰው ይሰኩና፣ ጫልቱ ስትገባ ሁሉም ደኅና ነው።

እሑድ

ጫልቱ ጋ አድረን፣ በማለዳ ለቅዳሴ ሄድኩ። ኦቦ ደበሌ ጋቢያቸውን ለብሰው በወንዶች በኩል ቆመዋል። ቅዳሴው አልቆ ደጀ ሰላሙ ላይ ሰላም ስንባባል፣ ቦርሳዬ ተንቀጠቀጠ።

«ማነው?» አሉ።

«የእርስዎ ማሽን ነው።»

«ምን ይላል?»

«ሞቻለሁ ይላል።»

«ዋሸ» አሉ፣ ሳይስቁ። «አልሞተም፤ ሰንበት እያከበረ ነው በይው።»

ይህን ለናጊዮስ እንዴት እንደምለው ቆሜ አሰብኩ። በዕቅድ የሚጠፋ ዕቃ ሲኖር እንዳይጮኽ መንገር ይቻላል፤ ግን ለዚያ አንድ ቀን ብቻ ነው። በየሳምንቱ እንዲደጋገም ከፈለግሁ ሌላ ነገር ጽፌ መጨመር አለብኝ። ካክታይም ባዶውን ቦታ ይሥላል እንጂ ምክንያቱን የምጽፍበት ቦታ አልሰጠኝም። ዛቢክስ ግን ገና ሲጫን ጀምሮ «በየሳምንቱ፣ ከዚህ ቀን፣ ከዚህ ሰዓት፣ ለዚህ ያህል ጊዜ» የሚል ቦታ አለው። እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ምርጫዬ አለቀ።

ስንነሣ ኦቦ ደበሌ ከላማቸው የታለበ ወተት በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ። ስለ ማርታ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ማርቆስን ጠርጥሬዋለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ጠርሙሱን ጉልበቴ ላይ ይዤ ስቀመጥ ማርቆስ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብሎ፣ «ጾመኛ ወተት ታቅፋ ሰው ምን ይላል? ለእኔ ስጪኝ፣ ስምሽ ይጠበቅ» አለኝ። አልሰጠሁትም።

ቤት

ማርታ ወተቱን ጠጥታ ነጭ ጢም አበቀለች። ቤቴ ሰላም ነበር፤ ባለቤቴ የሠራው ምስር ብቻ አሯል። ለእሱም ተመስገን ብዬ በላሁ።

ሰኞ ለዶክተሩ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ኮስተር ብለው፣ «ለምን እንዳይነቅሉ አትከለክያቸውም?» አሉኝ።

«እሑድ በዚያ መስመር የሚሄድ ውጤት የለም ዶክተር። የሚያስፈልገው ፍሪጁ ነው፤ እሱን እርሳቸው ከእኛ ይልቅ ይጠብቁታል። ደግሞም ግቢውን ማን እየጠበቀው እንደሆነ አሁን አውቀናል። የሚፈራ ነገር አልነበረም።»

«እንግዲያው ዕቃው እዚያው ይቀመጥ» አሉ። ለጫልቱ ስደውል፣ እልልታዋ ከስልኩ አልፎ ቢሮው ውስጥ ተሰማ።

በዚያው ቀን ዛቢክስን ብቻ አስቀረሁ። በአጭር መልእክት እንዲልክ አደረግሁ። ሱሉልታን መርጬ፣ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ማለዳ፣ በየሳምንቱ፣ ብዬ ሞላሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ሰንበት» ብዬ ጻፍኩ።

የተማርኩትን ብጠየቅ፣ ፕሮግራም ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ መሆኑን ነው፦ «አለህ?» የሰበታዎቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ለእናቶቻቸው፣ የቡራዩ ሰዎች መንገዱን ከዘጋው ድንጋይ ወዲህና ወዲያ ለሚኖር ዘመዳቸው፣ ያንኑ ነው የሚመልሱት። የቡራዩዋ እናት መልስ አልመጣላትም። እሷን በጸሎቴ አስባታለሁ።

ከዚያ በኋላ እሑዶቼ ጸጥ አሉ። አንድ ሳምንት የሱሉልታ መንገድ ተዘጋ፤ ስልክም አልሠራ አለ፤ ጫልቱን ማግኘት አልቻልንም። ሰኞ ማለዳ ከሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የሱሉልታ ምልክት ግራጫ ነው። መቁጠሪያዬን ይዤ ጠበቅሁ። ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ አረንጓዴ ሆነ።

ጨርቁን ገልጠው ገመዱን ሰክተዋል። ኦቦ ደበሌ ደኅና አድረዋል።